«ቱ ሃፒ» ብዬ ኢንተርቪው ላይ ጉድ ሆንኩ፣ ቬሪ እና ቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

የአዋሬዋ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እስቲ እንግሊዝኛ የምትችሉ ሰዎች እርዱኝ። ሐሙስ ለት አንድ ሆቴል (ስሙ ይቅር) ለሪሴፕሽን ኢንተርቪው ነበረኝ እና በጣም አሪፍ እየሄደ ነበር፣ ስለራስሽ ንገሪን ምናምን ሲሉኝ ሁሉንም ወረቀት ላይ ጽፌ ሸምድጄው ስለነበር ፈታ ብዬ መለስኩ፣ መጨረሻ ላይ ሴትየዋ እዚህ ብትቀጠሪ ምን ይሰማሻል ስትለኝ ይሄኛው ጥናቴ ውስጥ አልነበረም እና በጣም ደስ ይለኛል ለማለት «አይ አም ቱ ሃፒ ቱ ዎርክ ሂር» አልኳት። ሴትየዋ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ አለች፣ አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ደሞ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደስታዬ ነክቷቸው መስሎኝ አብሬያቸው ፈገግ!

ቤት ገብቼ ለታናሽ ወንድሜ ስነግረው ሶፋው ላይ ተንከባለለ። «ደስታዬ ከመብዛቱ የተነሳ እዚህ መስራት አልችልም ነው እኮ ያልሻቸው» አለኝ። እውነት ነው? እኔ እኮ እድሜ ልኬን ቬሪ ማለት በጣም፣ ቱ ማለት ደሞ በጣም በጣም፣ ጠንከር ያለው ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው። ደሞ እሱ ብቻ አይደለም፣ ቱ ማች፣ ቱ ሜኒ፣ ሶ፣ ኢነፍ፣ ኤክስትራ፣ ኦቨር፣ ሁሉም ይምታቱብኛል። እኛ በዛ፣ ከልክ አለፈ፣ ከመጠን በላይ ሆነ የምንለውን በእንግሊዝኛ ለማለት የቱን የት ነው የምጠቀመው? ለሁለተኛ ዙር ከጠሩኝ ደግሜ እንዳልዋረድ በናታችሁ።

ናዝሬት_ሙድ

ሃሃሃሃ ይቅርታ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ግን ወንድምሽን አትስሚው አካብዷል፣ ሰዎቹ ገብቷቸዋል፣ ፊትሽን እያዩ እንዴት አይገባቸውም

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። ጥፋቱ ግን ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የኛም ነው። 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ሰሌዳው ላይ ቬሪ በጣም፣ ቱ በጣም ብዬ ጽፌ ነው ያለፍኩት። አንዴ አንድ ተማሪ «ታዲያ ለምን ሁለት ቃል አስፈለጋቸው?» ብሎ ጠየቀኝና ያን ቀን ቤቴ ሄጄ ተቀምጬ አሰብኩበት።

ቬሪ ልክን ብቻ ነው የሚናገር። ቱ ግን ከሳሽ ነው። «ዘ ቲ ኢዝ ቬሪ ሆት» ስትዪ ሻዩ በጣም ትኩስ ነው፣ ምናልባትም እንደዛ ሲሆን ነው የምትወጂው። «ዘ ቲ ኢዝ ቱ ሆት» ካልሽ ግን ሻዩ ላይ አቤቱታ አቀረብሽ፣ አንድ ልክ ነበረው፣ እሱን አለፈ፣ ስላለፈም አንድ ነገር ተበላሸ፤ ወይ አልጠጣሽውም ወይ ምላስሽን አቃጠለሽ።

አማርኛ ይሄን ልዩነት አያውቅም የሚሉ አሉ፣ ያውቀዋል፣ ግን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። ቡቲክ ገብተሽ ሱሪ ለክተሽ ስትወጪ ልጁ «እንዴት ነው?» ቢልሽ «በጣም ጠባብ ነው» ከማለትሽ በፊት አፍሽ ላይ የሚመጣው «ጠበበኝ» ነው። ጫማው ሰፋኝ፣ ቀሚሱ አጠረኝ፣ ሰፈሩ ራቀኝ፣ ሻንጣው ከበደኝ፣ ዋጋው ተወደደብኝ፣ ወጡ ጨው በዛበት። እንግሊዞች ቱ ብለው ከቅጽሉ ፊት የሚያቆሙትን እኛ «ኝ» ወይም «ብኝ» አድርገን ግሱ ጭራ ላይ እንቀጥለዋለን። «ሱሪው ጠባብ ነው» ዝም ያለ ወሬ ነው፣ «ጠበበኝ» ግን ቱ ታይት ፎር ሚ ነው፣ ያቺ ፎር ሚ እንኳን ሳትቀር «ኝ» ውስጥ አለች።

አሁን ወደ ያንቺው ዓረፍተ ነገር ስንመጣ፣ ከቱ በኋላ ሌላ ቱ ሲከተል ነገሩ የባሰ ነው። እዚህ በኛ ፊደል ስንጽፋቸው ሁሉም ቱ ሆነው ቀሩ እንጂ የበዛው ቱ በሁለት ኦ ነው የሚጻፈው፣ «ወደ» ወይም «ለመ» የሚለው በአንድ ኦ። ትርፍ ኦ ያለው የትርፍ ቱ ነው ብለሽ ያዢው። ጥንት አንድ ቃል ነበሩ እንደውም፣ በሁለት ኦ መጻፉ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። እና «ዘ ቦክስ ኢዝ ቱ ሄቪ ቱ ሊፍት» ሲሉ ሳጥኑ ከመክበዱ የተነሳ አይነሳም ማለታቸው ነው። ልብ በዪ፣ እንግሊዝኛው ውስጥ «ኖት» የሚባል ነገር የለም፣ አማርኛው ግን «አይነሳም» ሳይል መሄድ አይችልም። ተማሪዎቼ ሁሉ የሚወድቁት እዚች ጋ ነበር፣ ኖት ስለሌለ ነገሩ አዎንታ ይመስላቸዋል። አንቺም «ከደስታዬ ብዛት እዚህ አልሰራም» ብለሽ ወጣሽ ማለት ነው።

ማለት የነበረብሽ «አይ ዉድ ቢ ቬሪ ሃፒ ቱ ዎርክ ሂር» ነው። ቬሪን ትተሽ ሶ ብትዪም ያስኬዳል፣ ትንሽ የጓደኛ ወሬ ይመስላል እንጂ ስህተት የለውም።

ናዝሬት_ሙድ

ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ «ደስ አለኝ» ላይም እኮ «ኝ» አለች። በዚህ ሂሳብ እሷ ቱ ሃፒ ማለቷ ልክ ሆነ ማለት ነው ሃሃሃ

ጡረተኛው መምህር

ይሄ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ዓይነት ጥያቄ ነው፣ እንደዚህ ዓይነቱን ነው የምወደው። ልክ ነህ፣ «ኝ» ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም። ደስ አለኝ፣ ራበኝ፣ በረደኝ ስንል «ኝ» የምትናገረው ስሜቱ የማን እንደሆነ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርገህ ፈትናት፣ ከኋላዋ «ቀይርልኝ» ወይ «ቀንስልኝ» አስከትል። «ጠበበኝ፣ ቀይርልኝ» ይሄዳል። «ተወደደብኝ፣ ቀንስልኝ» ይሄዳል። «ደስ አለኝ፣ ቀንስልኝ» ብትል ግን ይስቁብሃል፣ እሷ ላይ እንደሳቁባት። ቀንስልኝ የሚሄድበት ቦታ ላይ ቱ፣ የማይሄድበት ላይ ቬሪ።

የአዋሬዋ

ወይኔ «ደስ አለኝ ቀንሱልኝ» ነው ያልኳቸው ማለት ነው???? መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ

ግን መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠበበኝ የምትለዋን በሕይወቴ አልረሳትም።

ማሚ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ አይዞሽ፣ እኔ አሜሪካ ገብቼ ሆም ሄልዝ ኤይድ ስሰራ የደረሰብኝን ልንገርሽ ካንቺ የባሰ ነው። የምንከባከባት አሮጊት ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ብላኝ ተጨንቄ ከርሜ በሦስተኛው ቀን ጥርግ አድርጋ በላችልኝ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ለነርሷ ስልክ ደውዬ «ሺ ኢዝ ኢቲንግ ቱ ማች ቱዴይ!» አልኳት። ነርሷ ደንግጣ ምን በላች፣ ምን ያህል በላች፣ አስመለሳት ወይ፣ ስኳሯን ለክተሻል ወይ ብላ ታዋክበኝ ጀመር፣ እኔ ደሞ ምን አጠፋሁ ብዬ ላብ በላብ። «ሺ ኢዝ ኢቲንግ ዌል» ማለት ነበረብኝ በቃ። ብዙ በላች ለማለት ብቻ ከሆነ ደሞ «ኤ ሎት»። ኤ ሎት ብዛቱን ይናገራል እንጂ አይከስም፣ መምህሩ እንዳሉት።

ግን መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ አይከስም። እዚህ ሰዎች ስጦታ ስትሰጫቸው «ዩ አር ቱ ካይንድ» ይላሉ፣ ደግነትሽ በዛ ብለው መክሰሳቸው አይደለም፣ ምስጋና ነው፣ ልክ እኛ «ምነው አበዛሽው» እያልን በሁለት እጃችን እንደምንቀበለው። ደሞ እንዴት ነሽ ስትያቸው «ኖት ቱ ባድ» ካሉሽ ደህና ናቸው፣ ምንም አይል እንደማለት ነው፣ ከኖት በኋላ ቱ ስትመጣ ቬሪ ሆና ቁጭ ትላለች። «አይ አም ኖት ቱ ሹር» ማለትም ብዙም እርግጠኛ አይደለሁም ማለት ነው።

የሚገርመው ደሞ ያንቺዋ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ነው የጎደላት። «ኦንሊ ቱ ሃፒ ቱ ሄልፕ» የሚሉት አላቸው፣ ኦንሊ ስትገባባት ትርጉሙ ይገለበጥና «በደስታ፣ ዓይኔን ሳላሽ» ማለት ይሆናል። ኦንሊ ብትያት ኖሮ ሴትየዋ ራሷ የት ነው የተማርሽው ብላ ትጠይቅሽ ነበር።

ጡረተኛው መምህር

እመቤቴ፣ ኦንሊ ቱዋን ረስቻት ነበር። ትክክል ነሽ። ለጀማሪ ግን አላስተምርም፣ ኦንሊን ከረሳችው ወደዛው ገደል ነው የምትመለሰው።

የዴራው

ሰላም፣ እኔ ዱባይ ነኝ 9 ዓመቴ፣ እናንተ የምትሉት ሁሉ ለመጽሐፍ ነው። እዚህ ህንዱም ፓኪስታኑም ፊሊፒኑም እኛም «ቱ ማች ጉድ»፣ «ቱ ማች ሆት»፣ «ማይ ፍሬንድ ቱ ማች ናይስ» እያልን ነው የምንኖረው እና አንድም ቀን ያልተግባባን ቀን የለም። ህንዶቹማ ምግብ ጣፈጣቸው ሲሉ «ቱ ጉድ!» ነው የሚሉት። ሙቀቱን በተመለከተ ደሞ ሐምሌ ላይ 45 ሲገባ ቬሪ ብትለውም ቱ ብትለውም ያው ትቀልጣለህ።

ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ፣ ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር እንደዛ ብትነጋገር ማንም አይወቅስህም፣ ቋንቋው እዛ ሰፈር እንደዛ ሆኗል። ልጅቷ ግን ልትቀጠር ነው የሄደችው፣ ሪሴፕሽን ላይ ቆማ እንግዳውን «ዩር ሩም ኢዝ ቱ ማች ክሊን» ብትለው ንጽህናው ምን በደለኝ ይላታል።

7ነጥብ5

እኔ አይኢኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው) ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ (አንደኛው ይቅር አይወራም) እና ቱ ማችና ቱ ሜኒን በተመለከተ ማንም አላብራራላትም ስለዚህ ልሞክር። ቅጽል ብቻውን ሲሆን፣ ማለትም ትልቅ፣ ቆንጆ፣ ውድ ምናምን ሲሆን፣ ቱ ብቻ። ቱ ቢግ፣ ቱ ኤክስፔንሲቭ። «ቱ ማች ቢዩቲፉል» የሚባል የለም፣ እኛ ሀገር ግን ፌስቡክ ላይ ሁሉም ሰው ፎቶ ስር የሚጽፈው እሱን ነው። ማች የሚገባው ስም ሲመጣ ነው፣ እሱም የማይቆጠር ከሆነ፣ ቱ ማች ሶልት፣ ቱ ማች ኖይዝ። የሚቆጠር ከሆነ ቱ ሜኒ፣ ቱ ሜኒ ፒፕል፣ ቱ ሜኒ ባግስ። ችግሩ እነሱ የማይቆጠር የሚሉትና እኛ የምንቆጥረው አይገጥምም፣ እኛ ሁለት ምክር፣ ሦስት መረጃ እንላለን፣ እነሱ ግን አድቫይስ፣ ኢንፎርሜሽን፣ ፈርኒቸር፣ ሆምዎርክ፣ ትራፊክ፣ ለጌጅ፣ መኒ ሁሉንም አይቆጥሩም። አዎ ገንዘብ አይቆጠርም! ብር ይቆጠራል፣ ዶላር ይቆጠራል፣ መኒ አይቆጠርም። ቱ ማች መኒ፣ ቱ ሜኒ ዶላርስ። ሆቴል ከገባሽ ለጌጅ በየቀኑ ነው የምትሰሚው፣ ለጌጅስ ብለሽ ኤስ እንዳትጨምሪባት።

ግስ ከሆነ ደሞ ቱ ማች መጨረሻ ላይ ትሄዳለች፣ «ሂ ቶክስ ቱ ማች»። አክርረሽ መናገር ከፈለግሽ ፋር ቱ፣ ዌይ ቱ፣ ማች ቱ፣ ለምሳሌ «ፋር ቱ ኤክስፔንሲቭ»። አዎ ማች ቱ ይባላል፣ ቱ ማች ኤክስፔንሲቭ ግን አይባልም፣ ለምን አትበሉኝ። ዌይ የወሬ ነው፣ ፈተና ላይ አትጻፉት።

ኦቨርን በተመለከተ እኛ ሳናውቀው ስንጠቀምባት ነው የኖርነው፣ ኦቨርታይም ሰራሁ፣ መኪናው ኦቨርሎድ ነው፣ እከሌ ኦቨር አደረገው። እንግሊዝኛ ላይ ግስ ፊት ስትለጠፍ ልክ አለፈ ማለት ናት፣ ኦቨርኩክድ ሲል አርሯል ወይ በስሎ ፈርሷል፣ ኦቨርስሌፕት ሲል እንቅልፍ ጥሎት ከሰዓቱ አልፏል፣ ኦቨርቻርጅድ ሲል ሂሳብ ጨምረውበታል። ይቺን የመጨረሻዋን ሪሴፕሽን ላይ በደንብ ትሰሚያታለሽ፣ «አይ ቲንክ አይ ወዝ ኦቨርቻርጅድ» ካለሽ ተናዶ ነው የመጣው፣ ቀስ በዪው።

ኤክሰስ ደሞ ቦሌ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ በርበሬና ሽሮ ይዞ 23 ኪሎ ያለፈ ሁሉ ኤክሰስ ክፈል ተብሏል። ኤክስትራ ግን ልክ አለፈ ማለት አይደለም፣ ተጨማሪ ማለት ነው፣ እንግዳው «ኤክስትራ ታወል» ሲልሽ ፎጣው በዛብኝ አይደለም የሚልሽ፣ ጨምሪልኝ ነው። ልጆቹ አሁን «ሺ ኢዝ ሶ ኤክስትራ» ሲሉ ግን ሌላ ነው፣ ታካብዳለች ማለታቸው ነው፣ ናዝሬት_ሙድ ከላይ ወንድሟን እንዳለው።

ዋጋ ላይ ደሞ አንድ የምወዳት ቃል አለች፣ ኤግዞርቢታንት። የላቲን ናት፣ ጋሪ ጎማው ከሚሄድበት መስመር ሲወጣ ከሚሉት ነው የመጣችው። እኛስ የቤት ኪራይ ሲጨምሩብን «ዋጋው መስመር ሳተ» አይደል የምንለው? ፈተና ላይ ስለ አዲስ አበባ ኪራይ አስገብቻት ነበር።

ናዝሬት_ሙድ

አንተ ግን 250 ቃል ጻፍ ሲሉህ 500 የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል

7ነጥብ5

250 እኮ ትንሹ ነው፣ ከዛ በላይ መጻፍ ይቻላል! ያለፈ የሚቀጣው ሊስኒንግ ላይ ነው፣ «ኖ ሞር ዛን ቱ ዎርድስ» ሲል ሦስት ቃል ከጻፍክ መልሱ ልክ ቢሆንም አይያዝልህም። ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቅኩት… ተውት

የአዋሬዋ

ሃሃሃ አይዞህ። ኢነፍ ግን ቀረች፣ እሷ የት ነው የምትገባው? እንግዳ ምግብ ሲጋብዘኝ በቃኝ ለማለትስ?

ማሚ ሲልቨር ስፕሪንግ

ኢነፍ በቃ ከምትለው ጋር አንድ ናት፣ ቱ ልኩን ካለፈ ኢነፍ ልኩ ላይ ደረሰ። ቅጽል ከሆነ ከኋላ ነው የምትሄደው፣ «ኦልድ ኢነፍ»፣ ስም ከሆነ ከፊት፣ «ኢነፍ መኒ»። የኔ ልጅ እዚህ የተወለደችው «አይም ኖት ኢነፍ ቶል» ብዬ ቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ስጠይቃት እስካሁን ትቀልድብኛለች።

በቃኝን ግን ተጠንቀቂባት። «በቃኝ» በአማርኛ ጠግቤም በቃኝ ነው፣ መርሮኝም በቃኝ ነው፣ ድምፁ ነው የሚለየው፣ «አይ ሃቭ ሃድ ኢነፍ»ም ልክ እንደዛ ነው። አንዴ ጎረቤቴ ኬክ ስትጨምርልኝ ኮስተር ብዬ እሷኑ አልኳትና ሴትየዋ ቢላዋውን አስቀመጠችው። አሁን «ዛትስ ፕለንቲ፣ ታንክ ዩ» ነው የምለው። ፕለንቲ ከበቂ በላይ ነው ግን ደስ ያለው በላይ፣ የተትረፈረፈ እንደምንለው፣ አያስቀይምም።

የአዋሬዋ

እሺ አሁን ፈትኑኝ፣ ሦስት ጻፍኩ፦

«ዘ ኮፊ ኢዝ ቬሪ ጉድ።»

«ዜር አር ቱ ሜኒ ፒፕል ኢን ዘ ሎቢ።»

«ዚስ ባግ ኢዝ ቱ ሄቪ ፎር ሚ ቱ ካሪ ኢት።»

ጡረተኛው መምህር

ሁለቱ ጥርት ያሉ ናቸው። ሦስተኛዋ ላይ መጨረሻ ያለችውን «ኢት» አውጫት፣ «ቱ ሄቪ ፎር ሚ ቱ ካሪ» ብለሽ ዝም። ከየት እንዳመጣሻት ግን አውቃለሁ፣ «ልሸከመው አልችልም» ከሚለው «ው» ነው። እኛ ቦርሳውን አንዴ ጠርተነው እንኳን ጭራ ላይ ሳንደግመው አንለቀውም፣ እንግሊዝኛ ግን እዚህ ቦታ አንዴ ከጠራው አይደግመውም። በ31 ዓመት ውስጥ ያቺን «ኢት» በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩበትን ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

የአዋሬዋ

ገባኝ መምህር፣ ሰረዝኳት። ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያነበበ ነው፣ እሱም ራሱ ኢትዋን አላየም ነበር፣ አሁን ዝም ብሏል ሃሃሃ

ናዝሬት_ሙድ

እኔም ልሞክር፣ «ዚስ ዲስከሽን ኢዝ ቱ ሎንግ ቱ ሪድ።»

ጡረተኛው መምህር

ትክክል። ኢት አልጨመርክም።